መርከብን በገንዳ ውስጥ የመዘነ ሰው
የዊልያም ፍሩድ ሕይወትና ሥራ

ከስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወጣ ብሎ በሰሜን ባሕር ላይ፣ በ2017 ዓ.ም. አምስት ታላላቅ የነፋስ ተርባይኖች ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመሩ። የእያንዳንዳቸው ጉልበት 6 ሜጋዋት ነው። ከሩቅ ለሚያያቸው በባሕር መካከል የተተከሉ ምሰሶዎች ይመስላሉ። ነገር ግን እግራቸው የባሕሩን ወለል አይነካም፤ እያንዳንዱ ተርባይን በረጅም የብረት በርሜል ላይ ቆሞ፣ በሰንሰለትና በመልሕቅ ተይዞ፣ እንደ መርከብ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ ረጅም ነገር በማዕበል መካከል ሳይገለበጥ እንደሚቆም መሐንዲሶቹ አስቀድመው በምን ዐወቁ? ብዙ ገንዘብ ፈሶበት ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት ማን መሰከረላቸው?

መልሱ ከአንድ ገንዳ ይጀምራል። በእንግሊዝ አገር፣ ቶርኪ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ በመኖሪያ ቤቱ አጠገብ ያሠራው ገንዳ ነው። የሰውዬው ስም ዊልያም ፍሩድ ይባላል። ስሙ ዛሬም በመርከብ ሥራና በባሕር ምሕንድስና ትምህርት ቤት በየቀኑ ይጠራል፤ የሕይወቱ ታሪክ ግን ስሙን ከሚጠሩት ተማሪዎች ለብዙዎቹ እንግዳ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርበዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና ትምህርቱ

ፍሩድ በኖቬምበር 28 ቀን 1810 ዓ.ም. በዴቨን አውራጃ ዳርቲንግተን በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ሮበርት ፍሩድ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የቶትነስ ሊቀ ዲያቆናት ነበሩ። ቤተሰቡ በትምህርት የታወቀ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሪቻርድ ሃረል በኦክስፎርድ በተነሣው የሃይማኖት እንቅስቃሴ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ሲሆን ገና በወጣትነቱ በ1836 ዓ.ም. ሞተ። ታናሽ ወንድሙ ጄምስ አንቶኒ ደግሞ በኋላ ስመ ጥር የታሪክ ጸሐፊ ሆነ። ዊልያም ግን ከወንድሞቹ ተለይቶ ሒሳብን መረጠ፤ በኦክስፎርድ ኦሪየል ኮሌጅ ተምሮ በ1832 ዓ.ም. በሒሳብ የአንደኛነት ማዕረግ አግኝቶ ተመረቀ።

ያ ዘመን የምድር ባቡር ሐዲድ በእንግሊዝ አገር በየአቅጣጫው የሚዘረጋበት ጊዜ ነበር። ወጣቱ ምሩቅም ወደዚሁ ሥራ ገባ። በ1837 ዓ.ም. በዘመኑ እጅግ የታወቀው መሐንዲስ ኢዛምባርድ ኪንግደም ብሩኔል ዘንድ ተቀጥሮ ከብሪስቶል እስከ ኤክሰተር በሚዘረጋው ሐዲድ ላይ ሠራ። በዚያም ቀጥ ያለው ሐዲድ ወደ ጠመዝማዛው ሲያልፍ ባቡሩ በድንገት እንዳይናወጥ፣ ጠመዝማዛው ቀስ በቀስ እየጠበቀ የሚሄድበትን የአሠራር ዘዴ አወጣ። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ለምን ይናወጣል? ንውጽውጽታውስ በምን ይቀንሳል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከዚያን ጊዜ ጀምረው እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለዩትም።

በ1846 ዓ.ም. ግን መልካሙን ሥራውን ትቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። አባቱ ታመው ስለ ነበር የሚረዳቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። ፍሩድ ያን ጊዜ ገና 36 ዓመት አልሞላውም። በዘመኑ የነበሩ መሐንዲሶች ሀብትና ዝና ሲሰበስቡ እርሱ ከዐሥር ዓመት በላይ በገጠር ተቀመጠ። የሰው ሁሉ ግምት ፍሩድ ከእንግዲህ አበቃለት የሚል ቢሆን አያስደንቅም ነበር።

የብሩኔል ጥያቄ

በ1850ዎቹ ዓመታት ብሩኔል ግሬት ኢስተርን የተባለችውን መርከብ ያሠራ ነበር። ርዝመቷ 211 ሜትር ያህል ሲሆን እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዓለም ላይ እርሷን የምታህል መርከብ ተሠርታ አታውቅም ነበር። እንዲህ ያለች ግዙፍ መርከብ በውቅያኖስ ማዕበል ላይ ወደ ግራና ቀኝ ስትናጥ ምን ትሆናለች? በልምድ የሚመልስ ሰው አልተገኘም፤ ልምዱ የለምና። ስለዚህ ብሩኔል የቀድሞ ረዳቱን አስታወሰና በ1856 ዓ.ም. ገደማ ጥያቄውን ለፍሩድ ሰጠው።

ፍሩድ ጉዳዩን በሒሳብ መርምሮ ውጤቱን በ1861 ዓ.ም. ለመርከብ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። ነገሩን በቀላል ምሳሌ ለመረዳት በዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅን እናስብ። ዥዋዥዌው የራሱ የጊዜ ልክ አለው። የሚገፋው ሰው ከዚያ ልክ ጋር ገጥሞ ከገፋ፣ እያንዳንዱ ግፊት ትንሽ ቢሆንም ልጁ ከፍ ከፍ ይላል፤ ያለ ልኩ ከተገፋ ግን ብዙ አይወጣም። መርከብም እንዲሁ ናት። የማዕበሉ ምልልስና የመርከቧ የራሷ ምልልስ ከተገጣጠሙ መጠነኛ ማዕበል እንኳ አደጋ ላይ ይጥላታል። ስለዚህ መርከብን ቀጥ ብላ እንድትቆም እጅግ ማጠንከር ሁልጊዜ አያረጋጋትም፤ አንዳንድ ጊዜ ከማዕበሉ ምት ጋር እንድትገጥም በማድረግ ይብስ ያናውጣታል። ይህ ሐሳብ የብዙ ባለሙያዎችን እምነት የሚቃወም ስለ ነበር ብርቱ ክርክር አስነሣ።

በትንሽ አምሳያ ላይ የተነሣው ክርክር

ከዚህ ቀጥሎ ፍሩድ ወደ ሌላ ጥያቄ ተሻገረ። መርከብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ውኃው ምን ያህል እንደሚቋቋማትና የምን ያህል ጉልበት ሞተር እንደሚያስፈልጋት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ይህ የሚታወቀው መርከቧ ተሠርታ፣ ገንዘቡ ወጥቶ፣ ወደ ባሕር ከወረደች በኋላ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ብዙ መርከቦች ከታቀደው ፍጥነት በታች እየሆኑ ባለቤቶቻቸውን ለኪሣራ ዳረጉ።

ታዲያ ትንሽ አምሳያ ሠርቶ በውኃ ላይ በመጎተት አስቀድሞ መለካት አይቻልም? ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ከፍሩድ በፊት ብዙዎች ሞክረው የትንሿ ውጤት ከትልቋ ጋር ስላልተስማማ ተስፋ ቆርጠው ትተውታል። ጆን ስኮት ራስልን የመሰለ ታላቅ የመርከብ ሊቅ እንኳ የትንንሽ አምሳያዎችን ሙከራ ለጨዋታ እንጂ ለቁም ነገር የማይሆን አድርጎ ይመለከተው ነበር።

ፍሩድ በ1867 ዓ.ም. በዳርት ወንዝ ላይ ሁለት ዓይነት ቅርጽ ያላቸው አምሳያዎች እያስጎተተ ለካ። አንዱን ቅርጽ ሬቨን ሌላውን ስዋን ብሎ ሰየማቸው፤ የቁራና የዳክዬ ዘመድ የሆኑ ወፎች ስም ነው። ሬቨን ጫፎቿ የሾሉ፣ ስዋን ደግሞ ድብልብል ያለች ነበረች። እያንዳንዱን ቅርጽ በ3፣ በ6 እና በ12 ጫማ ርዝመት አሠራ። ውጤቱ አስደናቂ ሆነ። በዝግታ ሲጎተቱ የሾለችው ትቀላለች፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ድብልብሏ በለጠች። ስለዚህ ለሁሉ ፍጥነት የሚስማማ አንድ ፍጹም ቅርጽ አለ የሚለው ትምህርት ወደቀ።

ከዚህም ይልቅ የሚበልጥ ነገር አየ። አምሳያዎቹ ሲጎተቱ በጎናቸውና በኋላቸው ማዕበል ያስነሣሉ። የትንሿና የትልቋ ማዕበል አንድ ዓይነት መልክ የሚይዘው ፍጥነታቸው እኩል ሲሆን አይደለም፤ ፍጥነታቸው እንደ ርዝመታቸው ካሬ ሥር ሲመጣጠን ነው። ይህም ማለት አምሳያዋ ከእውነተኛዋ መርከብ 16 ጊዜ ብታንስ ፍጥነቷ 4 ጊዜ ያነሰ መሆን አለበት። በ12 ኖት የምትጓዘውን መርከብ ለመመርመር አምሳያዋን በ3 ኖት መጎተት ነው። የቀደሙት ሰዎች ያልተሳካላቸው ይህን ልክ ባለማወቃቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ሪች ተመሳሳይ ደንብ ቀደም ብሎ በጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ በሥራ ላይ አውሎ ለመርከብ ሠሪዎች መሣሪያ ያደረገው ግን ፍሩድ ነው።

ሐቀኛነቱ

ሆኖም ፍሩድ በዚህ ብቻ አልረካም። ውኃ መርከብን የሚይዛት በማዕበል ብቻ አይደለም፤ በገላዋ ላይ እየተሻሸ በፍትጊያም ይይዛታል። ፍትጊያው ደግሞ ለተገኘው ደንብ አይታዘዝም። ሌላ ሰው ቢሆን ደንቡን አስከብሮ ትንሿን ልዩነት በደበቀ ነበር። ፍሩድ ግን አምሳያዋ የማትነግረውን ነገር ለብቻው ሊጠይቅ ተነሣ። እስከ 50 ጫማ የሚረዝሙ ሳንቃዎች አሠርቶ፣ አንዳንዶቹን ቫርኒሽ ቀብቶ፣ አንዳንዶቹን አቡጀዲ አልብሶ፣ ሌሎቹን አሸዋ ለጥፎባቸው፣ በውኃ ውስጥ እያስጎተተ የእያንዳንዱን ፍትጊያ ለካ።

ከዚያ በኋላ አሠራሩ ግልጽ ሆነ። አምሳያዋ የምትጎተትበት ጉልበት በሙሉ ይለካል። ከዚህ ላይ የፍትጊያው ድርሻ በሳንቃዎቹ መለኪያ ተሰልቶ ይቀነሳል። የቀረው የማዕበሉ ድርሻ ነው፤ መርከቧ 16 ጊዜ የምትበልጥ ከሆነ ይህ ድርሻ በ4,096 ይባዛል፤ 16 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ማለት ነው። በመጨረሻ የትልቋ መርከብ ፍትጊያ ለብቻው ተሰልቶ ይጨመርበታል። ውጤቱ ገና ያልተሠራችው መርከብ የሚገጥማት የውኃ መቋቋም ይሆናል።

በ1869 ዓ.ም. ስለዚሁ ጉዳይ የተሰበሰበ የሊቃውንት ኮሚቴ በብዙ ድምፅ እውነተኛ መርከቦች እየተጎተቱ እንዲሞከሩ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የኮሚቴው አባል የነበረው ፍሩድ በአምሳያ መሞከር ይሻላል ብሎ ተቃውሞውን በጽሑፍ አስመዘገበ። እርሱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1868 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት የሙከራ ገንዳ ይሠራ ዘንድ አመልክቶ ነበር። የባሕር ኃይሉ ዋና የመርከብ መሐንዲስ ኤድዋርድ ሪድ ሐሳቡን ደገፈ። በ1870 ዓ.ም. 2,000 ፓውንድ ተፈቀደ። ፍሩድ ለራሱ ደመወዝ አልጠየቀም።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ጉዳዩ የወረቀት ክርክር ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አደጋ ደረሰ። ካፕቴን የተባለችው አዲስ የጦር መርከብ በስፔን ጠረፍ አጠገብ በሌሊት ማዕበል ተገልብጣ ከ470 በላይ ሰዎች ሰጠሙ፤ የመርከቧ ሐሳብ አመንጪም አብሮ ሞተ። ሪድ አስቀድሞ መርከቧ አስተማማኝ አይደለችም ብሎ ነበር፤ ነገር ግን የሕዝብና የጋዜጣ ድጋፍ ከስሌቱ በልጦ ተገኘ። በ1871 ዓ.ም. የጦር መርከቦችን ንድፍ እንዲመረምር ኮሚቴ ሲቋቋም ፍሩድ ከአባሎቹ አንዱ ሆነ።

ገንዳው

ገንዳው ከቤቱ አጠገብ ተሠርቶ በ1872 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 85 ሜትር ያህል ነው፤ ላዩ በጣራ ተከድኖ፣ ከውኃው በላይ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ በእንፋሎት ሞተር የሚሳብ ጋሪ ይሄድበታል። አምሳያዋ ከጋሪው ሥር ትጎተታለች፤ መሣሪያዎቹም ፍጥነቱንና ጉልበቱን በወረቀት ላይ ራሳቸው ይጽፋሉ። አምሳያዎቹ የሚሠሩት ከፓራፊን ሰም ነው፤ ሰም በቀላሉ ይቀረጻል፣ ውኃ አይጠጣም፣ ሥራው ሲያበቃ ቀልጦ ለሌላ ይሆናል። የመሣሪያዎቹን ብዙዎች ፍሩድ ራሱ ፈለሰማቸው። ልጁ ሮበርት ኤድመንድ ፍሩድም ረዳቱ ሆኖ አብሮት ሠራ።

ተቃዋሚዎቹን የሚያሳምን ማስረጃ ግን በእውነተኛ መርከብ መታየት ነበረበት። በ1871 ዓ.ም. ግሬይሃውንድ የተባለችውን ከ1,100 ቶን በላይ የምትመዝን የጦር መርከብ ሌላዋ መርከብ አክቲቭ እንድትጎትታት ተደረገ። ፍሩድ የገመዱን ጉልበት ለካ። ኋላም 16 ጊዜ የምታንስ አምሳያ ሠርቶ በገንዳው ሞከረ። ሁለቱ ውጤቶች ተስማሙ። ይህም በ1874 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ትንሽ አምሳያ እውነት ትናገራለች ወይስ አትናገርም የሚለው ክርክር በተግባር አበቃ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያለው ሁሉ ገንዳ አሠራ። በስኮትላንድ ደምባርተን በ1883 ዓ.ም. ዴኒ የተባለው የመርከብ ኩባንያ የራሱን ገንዳ ከፈተ፤ ልጁ ኤድመንድም የባሕር ኃይሉን ሙከራ ወደ ሃስላር አዛውሮ በ1886 ዓ.ም. በአዲስ ገንዳ ሥራውን ቀጠለ።

ስለ መርከብ መናጥም ፍሩድ በተግባር የሚውል መድኃኒት አስፋፋ። በመርከቧ ሆድ ላይ በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ የተለጠፉ ረጃጅም ሳንቃዎች መርከቧ ስትናጥ ውኃውን እየቀዘፉ ጉልበቷን ያደክማሉ። በተመሳሳይ መርከቦች ላይ ሲሞከር ክንፍ የተደረገላት ከሌላዋ በእጅጉ ረጋ ብላ ታየች።

ቤቱና መጨረሻው

ፍሩድ በ1839 ዓ.ም. ካተሪን ሆልድስወርዝ የተባለችውን ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ። ሚስቱ በ1857 ዓ.ም. ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ገባች፤ ከልጆቹም እናታቸውን የተከተሉ አሉ። እርሱ ግን ማናቸውንም ድምዳሜ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ እንደገና ሊመረመር የሚገባው ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ለመከተል ኅሊናው አልፈቀደለትም። የቤተሰቡ ወዳጅ ከሆነው ከሊቁ ጆን ሄንሪ ኒውማን ጋር በዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ተጻጻፈ። አልተስማሙም፤ ወዳጅነታቸውም አልፈረሰም።

በ1876 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የንጉሣዊ ሜዳልያውን ሸለመው። በ1878 ዓ.ም. ግን ሚስቱ ሞተችና ኀዘኑ ጤናውን ጎዳው። ዕረፍት እንዲያገኝ የባሕር ኃይሉ ቦዲሲያ በተባለች መርከብ በእንግድነት ወደ ደቡብ አፍሪካ ወሰደው። ሊመለስ ሲዘጋጅ በተቅማጥ በሽታ ታሞ በሜይ 4 ቀን 1879 ዓ.ም. በሳይመንስታውን ዐረፈ። ዕድሜው 68 ዓመት ነበር። ያን ጊዜ ካርዲናል ለመሆን ሮማ ሄዶ የነበረው ኒውማን ለወዳጁ ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ደብዳቤው ለፍሩድ ሳይደርስ የሞቱ ወሬ ቀደመ። ባሕር ኃይሉ በሙሉ ወታደራዊ ክብር በዚያው ቀበረው። መቃብሩ በእኛው አፍሪካ ምድር ይገኛል።

ከመርከብ ወደ ነፋስ

በፍሩድ ዘመን በባሕር ላይ ነፋስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በባሕር ውስጥ የተተከለው የመጀመሪያው የነፋስ ተርባይን ሰፈር በ1991 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር ቪንደቢ አጠገብ ተከፈተ፤ በ2017 ዓ.ም. ዕድሜውን ጨርሶ ፈረሰ። ያ ግን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ መሠረቱን መሬት ላይ ያሳረፈ ነበር። ጥልቀቱ በጨመረበት ባሕር ይህ ስለማያዋጣ ተርባይኑን ማንሳፈፍ ግድ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. ኖርዌዮች 2.3 ሜጋዋት ያለው የመጀመሪያውን ትልቅ ተንሳፋፊ ተርባይን በጠረፋቸው አጠገብ አቆሙ። በመግቢያው የጠቀስናቸው አምስቱም የእርሱ ታናናሾች ናቸው።

እነዚህ ሁሉ ወደ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት በገንዳ ተፈትነዋል። የፈተናውም ልክ የፍሩድ ደንብ ነው። በ2011 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ቫኸኒንገን በሚገኘው የባሕር ምርምር ተቋም ሦስት ዓይነት ተንሳፋፊ ተርባይኖች 50 ጊዜ አንሰው ተሞከሩ። በዚህ ልክ ጊዜና ፍጥነት 7 ጊዜ ያህል ይቀንሳሉ፤ በባሕር ላይ 14 ሰኮንድ የሚፈጀው ማዕበል በገንዳው ውስጥ በ2 ሰኮንድ ያልፋል።

እዚህ ላይ ግን የድሮው የፍሩድ ችግር በአዲስ መልክ ተመለሰ። ውኃው ለደንቡ ሲታዘዝ በተርባይኑ ክንፍ ላይ የሚያልፈው አየር አልታዘዘም። ክንፉ 50 ጊዜ ሲያንስና ነፋሱ 7 ጊዜ ሲዘገይ የአየሩ አካሄድ ስለሚለወጥ፣ ትንሹ ክንፍ ሊሰጥ የሚገባውን ግፊት አይሰጥም። መሐንዲሶቹም እንደ ፍሩድ ደንቡ የማይገዛውን ክፍል ለይተው አወጡት። አንዳንዶቹ የክንፉን መልክ ለውጠው ግፊቱ ብቻ ልክ እንዲሆን አደረጉ፤ ሌሎቹ ክንፉን ትተው የነፋሱን ግፊት በኮምፒዩተር እያሰሉ በገመድ ወይም በትንሽ ማራገቢያ ሰጡት። ገንዳው የማይበቃው ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ በመካከለኛ ልክ ወደ ባሕር ወጡ፤ በአሜሪካ የሜይን ዩኒቨርሲቲ በ2013 ዓ.ም. 8 ጊዜ ያነሰ ተርባይን በባሕር ላይ አንሳፍፎ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር አገናኘ።

የዥዋዥዌው ትምህርትም አልተረሳም። ተንሳፋፊው መሠረት የራሱ የምልልስ ጊዜ ከማዕበሎቹ ጊዜ እንዲርቅ ተደርጎ ይነደፋል። በ2011 ዓ.ም. በፖርቱጋል ባሕር ላይ የቆመው ዊንድፍሎት የተባለው ተርባይን በእግሮቹ ሥር ሰፋፊ የብረት ገበታዎች ነበሩት፤ ሥራቸውም ውኃውን እየያዙ መናጡን ማድከም ነው። ይህ ፍሩድ በመርከብ ሆድ ላይ የለጠፈው ክንፍ የሚሠራበት መንገድ ነው።

ለአንባቢዎቻችን

የፍሩድ ታሪክ ለመርከብ ሠሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ የሚያወጡና ገንዘብ የሚያስፈቅዱ ወጣት ሹማምንት፣ በየትምህርት ቤቱም ነገ ይህን ኃላፊነት የሚቀበሉ ተማሪዎች ሁለት ነገር ይማሩበታል። አንደኛው፣ ትልቁ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን በትንሹ መሞከር ውርደት አለመሆኑን ነው፤ 2,000 ፓውንድ የፈጀው ገንዳ ስንት መርከብ ከኪሣራ እንዳዳነ መገመት አያዳግትም። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል። ትንሹ ሙከራ በተሳካ ጊዜ፣ ሙከራው ያልነገረን ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነው። በአንድ ወረዳ የተሳካ ሥራ በአገር ሙሉ ሲዘረጋ ልክ እንደ አቡጀዲው ሳንቃ ለብቻው ሊመዘን የሚገባው ፍትጊያ አለው። ፍሩድ ደንቡን ያገኘው በ57 ዓመት ዕድሜው ገደማ ነው፤ ደንቡ የማይደርስበትን ወሰን ለማግኘት ደግሞ ሳንቃዎቹን ሲያስጎትት ዓመታት ቆየ። የገንዳውን ውጤት ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያምኑት ወሰኑን ራሱ ለክቶ ስለ ነገራቸው ነው።